ከካርቱም እስከ ኔልስፕሩት፤ ኳስ ለማየት ድንበር ስለ መሻገር

የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት አዘጋጆች ከቀድሞ ተማሪዎች ወገን አንድ ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በጠየቁን ጊዜ፣ እኛ ሁለት ጓደኛሞች በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ጋፋትና ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ለመጻፍ ነበር። ዳሩ ግን ያን ታሪክ የደብረ ታቦር ሕፃን ሁሉ ከእናቱ ጡት ጋራ የጠባው ስለ ሆነ፣ ሌላ ርእስ ስንፈልግ ቆይተን በመጨረሻ በገዛ እግራችን የሄድንበትንና በገዛ ዓይናችን ያየነውን ለመጻፍ ቈረጥን። ይኸውም በጥር ወር 2005 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጕዘን ስለ ተመለከትነው የእግር ኳስ ግጥሚያ፣ ከዚያም አስቀድሞ የኢትዮጵያ ቡድን ኳስ ይዞ ድንበር ስለ ተሻገረባቸው ዘመናት ነው። ኳስም እንደ ታሪክ ይቈጠራልን? የሚል አንባቢ አይጠፋም። የታሪክ መምህራችን ኳሳችንን ነጥቀው በጠረጴዛቸው ሥር እያስቀመጡ ስለ ዐፄ ፋሲልና ስለ ራስ ጉግሣ ያስተምሩን ስለ ነበር፣ ዛሬ ሁለቱን አስታርቀን ስናቀርብላቸው ደስ እንደሚላቸው ተስፋ እናደርጋለን።

የፋርጣ፣ የእስቴ ወይም የጋይንት ሰው ከአገሩ የሚወጣበት ምክንያት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ነጋዴው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ እርሻው የጠበበው ወጣት ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ ወደ ቋራና ወደ ሁመራ ቈላ ይሄዳል፤ መናኙ ወደ ዋልድባ፣ የቆሎ ተማሪውም ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎጃም ይሻገራል። ጨዋታ ለማየት ብሎ አገሩን ለቆ የሄደ ሰው ግን በኛ ሰፈር አልተሰማም። ስለዚህ አሳባችንን በቤት በገለጽን ጊዜ፣ ከሁለታችን የአንዳችን አባት ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ «ኳሲቱ እዚህ የለችም?» ብለው ጠየቁን። ያን ጊዜ ሣቅን እንጂ መልስ አልሰጠናቸውም።

የአፍሪካ ዋንጫ የሚባለው ውድድር የተወለደው በጎረቤታችን በሱዳን፣ በዋና ከተማዋ በካርቱም ነው። በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. የግብጽ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች በዚያ ተሰብስበው የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ፤ ከኢትዮጵያ በኩል ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ለውድድሩ የወጣው ዕጣ ኢትዮጵያን ከደቡብ አፍሪካ ጋራ አገናኘ። ነገር ግን በዚያን ዘመን የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ነጭና ጥቁርን ለይቶ የሚገዛ ስለ ነበር፣ መልእክተኞቹ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አንልክም በማለታቸው አገሪቱ ከውድድሩ ተሰረዘች። ስለዚህ ቡድናችን አንድም ጊዜ ኳስ ሳይመታ ለፍጻሜው ጨዋታ ደረሰ። እንዲህ ያለ ቀላል መንገድ ከዚያ ወዲያ አላጋጠመውም። የካቲት 9 ቀን ከግብጽ ጋራ ተጋጥሞ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ አራቱንም ጎል ያገባው አድ-ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነው።

በዚያን ጊዜ ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ይህን ጨዋታ ለማየት ካርቱም ድረስ ይሄዳል ተብሎ የሚታሰብ ሰው አልነበረም። ቴሌቪዥን እንኳ ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። እኛን የሚያስደንቀን ግን ያ ዕጣ ነው። የኢትዮጵያ ቡድን በመጀመሪያው ውድድር ሊገጥማት የነበረችው አገር ደቡብ አፍሪካ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ 56 ዓመት ቆይቶ ዋንጫ ፍለጋ የሄደውም ወደዚያችው አገር ነው። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ፣ የዘር መድሎ እስካልተወገደ ድረስ ደቡብ አፍሪካ ወደ ውድድሩ እንዳትመለስ አጥብቀው ተከራክረዋል። የተመለሰችበትን ቀን ሳያዩት ዐረፉ።

በ1951 ዓ.ም. በካይሮ የተደረገውን ሁለተኛውን ውድድር ቡድናችን ሁለቱንም ጨዋታ ተሸንፎ ስለ ተመለሰ፣ እኛም ፈጠን ብለን እናልፈዋለን። ሦስተኛው ግን በአዲስ አበባ ሆነ። በዚህ ጊዜ ድንበር የተሻገሩት ሌሎች ናቸው፤ ቱኒዝያ፣ ዑጋንዳ፣ እንዲሁም በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ። ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ቱኒዝያ 4 ለ 2 ተሸነፈች። በሳምንቱ እሑድ፣ ጥር 13 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ከግብጽ ጋራ የፍጻሜው ግጥሚያ ተደረገ። ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩ፤ በመጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ በኋላም ሉቻኖ ቫሳሎ አስተካከሉ። ሰዓቱ ሁለት ለሁለት አልቆ በተጨመረው ጊዜ የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። በካርቱም 4 ለ 0 የተሸነፈ ቡድን በአምስት ዓመት ውስጥ ያንኑ ባላጋራ አራት ጎል አግብቶ መለሰው።

ያ ዋንጫ በተነሣ በሳምንታት ውስጥ ኔልሰን ማንዴላ ከአገራቸው በድብቅ ወጥተው ለአፍሪካ ነጻነት ታጋዮች ጉባኤ አዲስ አበባ ገብተው ነበር፤ በዚያው ዓመት ተመልሰው በኮልፌ የጦር ትምህርት ተምረዋል። ይህ ከኳስ ጋራ ምን ያገናኘዋል? እንባል ይሆናል። የሚያገናኘው፣ በዚያን ዘመን ከደቡብ አፍሪካ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣ የነበረው የተቸገረ ሰው መሆኑ ነው። መንገዱ ወደዚያ ሳይሆን ወደዚህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስላለው ዘመን ብዙ አንጽፍም። ኢትዮጵያ ውድድሩን በ1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአሥመራ፣ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ አስተናገደች፤ ዋንጫውን ግን አልደገመችውም። በ1974 ዓ.ም. ወደ ሊቢያ ሄዳ ተመለሰች፤ ከዚያም በሩ ለ31 ዓመት ተዘጋ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው እኛ የተወለድነው፤ ከባሕር ዛፍ እንጨት በተሠራ ጎል፣ ከካልሲና ከጨርቅ በተሰፋ ኳስ፣ በደብረ ታቦር ብርድና ጭቃ ውስጥ ኳስ የተማርነውም በእነዚያው ዓመታት ነው። የአፍሪካ ዋንጫ ለኛ የሌሎች ሕዝቦች በዓል ነበር።

በክፍላችን ቡድን ውስጥ ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። ከሦስታችን አንዱ በረኛ ነበረ፤ ስሙን በፈቃዱ ትተነዋል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ኳስ ሲመጣበት ግን የሚጮኽ ልጅ ነበር። ትምህርት ከጨረስን በኋላ አንዳችን የመንግሥት ሠራተኛ፣ አንዳችን የድንች ነጋዴ ሆንን፤ በረኛው ግን ሥራ ፈልጎ ስላላገኘ አንድ ቀን ለእናቱ «አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ከብዙ ወራት በኋላ ስልክ የደወለው ከጆሃንስበርግ ነው።

ጳጉሜ 3 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ሕፃናት የቅዱስ ሩፋኤልን ዝናም ለመጠመቅ ወደ ደጅ በሚወጡበት ዕለት፣ የኢትዮጵያ ቡድን በሱዳን ምድር 5 ለ 3 ተሸነፈ። የተሸነፈ ቡድን ቢሆንም በሰው ሜዳ ያገባቸው ሦስት ጎሎች በድምሩ እኩል ከሆኑ ብልጫ እንደሚሰጡት ሕጉ ያዛል። ስለዚህ በመልሱ 2 ለ 0 ማሸነፍ ይበቃዋል ማለት ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሆነው ልክ ይኸው ነው፤ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አንዳንድ ጎል አገቡ። እኛ ጨዋታውን ያየነው በደብረ ታቦር በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ፣ በሰው ትከሻ መካከል አንገታችንን አስግገን ነው። ፊሽካው ሲነፋ ሻይ ቤቱ በሙሉ ወደ መንገድ ፈሰሰ፤ ሒሳብ የከፈለ ያለ አይመስለንም። ያን ማታ በረኛው ደወለ። «ወደኔ እየመጡ ነው፤ እናንተስ?» አለ። ውድድሩ የሚደረገው በደቡብ አፍሪካ ነበርና።

የጉዞውን ዝግጅት በዝርዝር መጻፍ አያስፈልግም፤ ፓስፖርትና ቪዛ ያወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገንዘቡን በተመለከተ፣ ደመወዙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከባሕር ዳር አያሳልፈንም ነበር፤ ያሻገረን ድንቹ ነው። ከባዱ ነገር ሌላ ነበር፤ በጥምቀት ሰሞን አገር ጥሎ መሄድ። አባቶቻችንም እናቶቻችንም በዚህ አዘኑብን። የበረኛው እናት ግን አላዘኑም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና የጉና ገብስ ቆሎ በአራት ከረጢት አሰርተው ወደ ቤታችን መጡ። ጭነቱ ስለ በዛ፣ «እማማ፣ አይሮፕላኑ ልክ አለው» ብንላቸው፣ «ልብሳችሁን ቀንሱ» አሉን። እኛም ልብሳችንን ቀነስን።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አስነሥተው መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። (ያለ ሴባስቶፖል እንጽፋለን ብለን ነበር፤ አልሆነልንም።) እኛ ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ በአይሮፕላን ስንሄድ፣ በሰማይ የቆየንበት ጊዜ ስድስት ሰዓት አይሞላም። በረኛው ያንኑ አገር ለመድረስ አምስት ወር ነው የፈጀበት። በሞያሌ ወጥቶ ኬንያን፣ ታንዛንያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን በእግርና በጭነት መኪና ተሻግሮ ነው። በአይሮፕላኑ መስኮት ቍልቍል እየተመለከትን ከደመናው በታች ያለውን መንገድ ለመገመት ሞከርን፤ ምንም አይታይም።

ይህ መንገድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ እንጥቀስ። በሰኔ ወር 2004 ዓ.ም.፣ ማለት እኛ ከሄድንበት ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ በታንዛንያ በዶዶማ አውራጃ ከ40 የሚበልጡ ወደ ደቡብ ይጓዙ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በተዘጋ የጭነት መኪና ውስጥ አየር አጥተው ሞተው ተገኝተዋል። ዜናው በደብረ ታቦር በተሰማ ጊዜ የበረኛው እናት ልጃቸው ከደረሰ ብዙ ዘመን እንደሆነው እያወቁ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም።

ጆሃንስበርግ የደረስነው ጥር 11 ቀን ነው። በረኛው ወፍሮ፣ ጠጕሩ ጥቂት ሸብቶ ጠበቀን። በመጀመሪያ የወሰደን ጄፒ ወደሚባለው መንገድ ነው፤ በዚያ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ፎቁን ሁሉ ሱቅ አድርገውታል፤ ልብስና ብርድ ልብስ ይሸጣል፤ ቡና ይጤሳል፤ እንጀራ ይበላል፤ አማርኛ፣ ከምባትኛ፣ ሀዲይኛ፣ ኦሮምኛ ይሰማል። የኛ አገር ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ከሆሳዕናና ከአካባቢው የመጡ ናቸው። የዚያን ሰሞን ግን በየሱቁ ከሚሸጠው ልብስ ሁሉ የሚበልጠው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነበር። ማታ የበረኛውን ሱቅ አየን። ከከተማው ወጣ ባለ የጥቁሮች መንደር ውስጥ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ከቈጣሪው እስከ ጣሪያው የብረት ፍርግርግ ተሠርቶለት፣ ሳሙናውንም ዳቦውንም በዚያ ቀዳዳ በኩል አሳልፎ ይሸጣል። የሚተኛው ከዕቃው ኋላ ነው። «ከጎል ውስጥ አልወጣሁም» አለን እየሣቀ። እኛ ግን በ2000 ዓ.ም. በዚያች አገር በውጭ ተወላጆች ላይ ተነሥቶ ከ60 የሚበልጥ ሰው የገደለውን ሁከት እያሰብን ስለ ነበር፣ ቶሎ ለመሣቅ አልቻልንም።

የእናቱን ከረጢት ሲፈታ የገብሱን ቆሎ በመዳፉ ዘግኖ አሸተተው፤ አልበላውም፤ መልሶ አሰረው። ስለ መንገዱ ያጫወተን አንድ ነገር ብቻ ነው። በማላዊ ዛሌካ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ሁለት ወር በተቀመጠ ጊዜ፣ ኢትዮጵያውያኑ ከፌስታል በተጠቀለለ ኳስ ከኮንጎ ልጆች ጋራ ይጋጠሙ ነበር፤ እርሱም በረኛ ነበረ። «ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ብለን ጠየቅነው። «እኩል» አለና ወሬውን ለወጠ።

ጥር 13 ቀን ገና ሳይነጋ አሥራ አራት ሆነን በአንዲት የተከራየናት መኪና ወደ ምሥራቅ ተነሣን። ኔልስፕሩት ከጆሃንስበርግ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ለሞዛምቢክ ድንበር ቅርብ ነው። ከመኪናው ውስጥ አንዱ ጥር 13 መሆኑን አስታወሰ፤ ከ51 ዓመት በፊት ዋንጫው የተነሣበት ቀን ነው። ሌላው ደግሞ በመስኮት ወደ ግራ እያመለከተ፣ «እኔ በዚያ ጫካ በኩል ነው የገባሁት፤ ሌሊት ነበር» አለ። ሁለቱም ነገር በአንድ ትንፋሽ ተነገረ፤ ለዚህኛው የተናገረም፣ ለዚያኛው ያጨበጨበም አልነበረም፤ መንገዱን ዝም ብለን ሄድን።

የምቦምቤላ ስታዲዮም ለዓለም ዋንጫ በ2002 ዓ.ም. ተብሎ የተሠራ ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት 18 ምሰሶዎች በቀጭኔ አምሳል የቆሙ ናቸው፤ ወንበሮቹም የሜዳ አህያ ዝንጕርጕር ይመስላሉ። ሜዳው ግን ሣሩ ታሞ በአሸዋ የተሞላ ነበር፤ የኛ ድንች ማሳ ይሻላል ብንል ማጋነን አይሆንም። ስንገባ ያየነው ነገር ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ልባችንን ነካው። ኢትዮጵያ እንግዳ ቡድን ነበረች፤ የተመልካቹ ወንበር ግን የባለ ቤት ይመስል ነበር። ከኬፕታውን፣ ከደርባን፣ ከፕሪቶሪያ፣ ከየገጠሩ መንደር ሱቁን ዘግቶ የመጣ ኢትዮጵያዊ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ለብሶ ተቀምጧል። በካርቱም በ1949 ዓ.ም. ቡድኑ የሄደበት አገር የሰው አገር ነበር። እዚህ ግን ሕዝቡ ከቡድኑ አስቀድሞ ደርሶ ይጠብቀው ነበር። በምን መንገድ እንደ ደረሰ ደግሞ በመኪናው ውስጥ ሰምተናል።

የተጋጠምነው የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋራ ነው። ሳላዲን ሰዒድ ያገኘውን ሪጎሬ የዛምቢያው በረኛ ምዌኔ አዳነበት፤ ያን ጊዜ አጠገባችን ያለ አንድ ሽማግሌ ፊቱን በባንዲራው ሸፈነ። ጥቂት ቆይቶ የኛ በረኛ ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ ተጫዋች በመምታቱ ዳኛው ቀይ ካርድ አሳየው። በዚህ ጊዜ የሆነውን ሳንደብቅ እንጽፋለን፤ ከኛ ተመልካች መካከል ቩቩዜላና የውሃ ጠርሙስ ወደ ሜዳ የወረወሩ ነበሩ፤ በዚህ አፍረናል። የኛ በረኛ ግን ምንም አልወረወረም። ወንበሩ ላይ ቆሞ፣ በሕፃንነቱ በዚህ ትምህርት ቤት ሜዳ ይጮኽ እንደ ነበረው በሙሉ ጕሮሮው «እኔ ልግባ! እኔ ልግባ!» እያለ ይጮኽ ጀመር። በዙሪያችን ያሉት ሣቁ፤ እርሱ ግን አልሣቀም። እኛም መጀመሪያ ሥቀን በኋላ ተውነው።

ከዕረፍት በፊት ምቤሱማ አገባብን። በአሥር ሰው 1 ለ 0 እየተመሩ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ብዙ ሰው ተስፋ ቈርጦ ነበር። ነገር ግን ልጆቹ ኳሱን በአጭር በአጭሩ እየተቀባበሉ፣ የጐደለባቸውን ሰው የረሱ ይመስል ተጫወቱ። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ ኳሱን ከመረቡ አገናኘ። የሆነውን ጩኸት በጽሑፍ ለመግለጽ አንሞክርም። አንድ የማናውቀው ሰው አንገታችንን አቅፎ በማናውቀው ቋንቋ ሲያለቅስ እንደ ነበር ብቻ እናስታውሳለን። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። በ31 ዓመት ውስጥ በዚህ ውድድር ያገኘናት የመጀመሪያዪቱ ነጥብ እርስዋ ናት።

ሰው ሁሉ ሲጨፍር በረኛው ሰዓቱን ተመለከተ። ከመንጋቱ በፊት ሱቁን ካልከፈተ ዳቦ የሚያመጣው መኪና ያልፈዋል። ሌሊቱን ስንጓዝ አድረን ጎሕ ሲቀድ ደረስን፤ እኛን በዕቃው ኋላ በራሱ ፍራሽ ላይ አስተኝቶ፣ ባንዲራውን ከትከሻው ሳያወርድ ፍርግርጉን ከፈተ። በእንቅልፍ ልብ ሕፃናት በዙሉ ቋንቋ ስኳር ሲጠይቁት፣ እርሱም በዚያው ቋንቋ ሲመልስላቸው ሰማን።

ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ጨዋታ ገንዘባችን ስላልበቃ ተመለስን፤ ደግነቱም አልበቃም። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ደግሞ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈው ልጆቹም ተከተሉን።

ታሪኩ ግን በዚያ አላቆመም፤ እንዲያውም ከጠበቅነው በላይ ተወሳሰበ። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ብሔራዊው ቡድን ከደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በሚርቀው በባሕር ዳር ስታዲዮም ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸነፈ። የአንዳችን አባት በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ኳሲቱ ወደ ደጃቸው መጣችላቸው ማለት ነበር። ብዙም አልቆየችም። ሜዳው የኮንፌዴሬሽኑን መመዘኛ አላሟላም ስለ ተባለ፣ ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ጋናን «በሜዳዋ» የተቀበለችው በጆሃንስበርግ ነው፤ 1 ለ 1 ወጡ። ሰኔ 2 ቀን ደግሞ ግብጽን በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ተቀብላ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎል 2 ለ 0 አሸነፈች። በ1949 ዓ.ም. እንግዳ ሆነን ሄደን የተሸነፍንላትን ግብጽን፣ ባለ ቤት ሆነን ስናሸንፋት ቤቱ የሰው ነው። ዛሌካ የተባለው ሰፈርም ከሊሎንግዌ ሩቅ አይደለም። ከዚያ ድል በኋላ አምስት ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ በዚያችው በማላዊ በምዚምባ አውራጃ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ጕድጓድ ተቀብረው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች እንደሆኑ ተነገረ። የድሉ ቀንና የጕድጓዱ ቀን በአንድ የታሪክ መጽሐፍ ገጽ ላይ መጻፍ አለባቸው ብለን እናምናለን፤ ለዚህም ነው ጎን ለጎን ያኖርናቸው።

በ2005 ዓ.ም. ከጉዞ በተመለስን ማግስት የበረኛውን እናት ለመጠየቅ ሄደን ነበር። የላከላቸውን ገንዘብ፣ አንድ ብርድ ልብስና በስታዲዮሙ ደጃፍ ሦስታችን የተነሣነውን ፎቶግራፍ ሰጠናቸው። ፎቶግራፉን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ጠርገው ካዩ በኋላ፣ «አይቼዋለሁ እኮ፤ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ» አሉን። ለካ ያን ማታ በጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ጨዋታውን ሁሉ ተመልክተዋል፤ ልጃቸው ቢጫ ለብሶ ባንዲራ ይዞ በሰው መካከል ሲጮኽ አይተዋል። በዚያ ስታዲዮም ቢጫ ያልለበሰ፣ ባንዲራ ያልያዘና ያልጮኸ ኢትዮጵያዊ እንዳልነበረ አልነገርናቸውም። ጎረቤቶቻቸው ግን ሌላ ነገር አጫወቱን፤ አዳነ ጎሉን አግብቶ ቤቱ በእልልታ ሲናወጥ እሳቸው ብቻ ተቈጥተው ነበር አሉን። እውነት ነው ወይ? ብለን ጠየቅናቸው።

«ታዲያስ!» አሉ እማማ። «ሰዉን ያሳየኝና ገና ለይቼ ሳላየው ወደ ኳሲቱ ይዞርብኛል። ምን አላት ኳሲቱ?»